ጨለማ ውስጥ የሚሄድ ሰው

«አካሄዱን አይተህ ስንቁን ቀማው» ይላል ያገራችን ሰው። ቤቲ ግሬይሰን እና ሞሪስ ስታይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነገር የሚፈትን ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎችን በቪዲዮ ቀረጹ። ፊልሙንም በሰው ላይ ጥቃት በመፈጸም ተፈርዶባቸው ለታሰሩ ሰዎች አሳዩና ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ለጥቃት የሚመቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው። ለጥቃት ይመቻሉ ተብለው የተመረጡት መንገደኞች ከሌሎቹ የሚለዩት በእርምጃቸው ርዝመት፣ የሰውነታቸውን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በሚያዛውሩበት መንገድና በእግር አነሳሳቸው ነበር።

በ2002 ደግሞ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን አንድ እርምጃ አራቁት። የሚሄደውን ሰው ፊቱን፣ ልብሱንና የቆዳውን ቀለም ሁሉ አጥፍተው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የተቀመጡትን የብርሃን ነጥቦች ብቻ አስቀሩ። ተመልካቾች በጥቁር ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቂት ነጥቦችን እያዩም ማን ለጥቃት የተጋለጠ እንደሚመስል ይፈርዱ ነበር፤ ፍርዳቸውም ከአረማመዱ ጋር የተያያዘ ነበር።

ጥቂት ነጥብ ይህን ያህል ነገር እንዴት ይናገራል? ይህን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ የሕያዋን እንቅስቃሴ እይታ ይባላል። በሥነ ልቦና፣ በአንጎል ሳይንስና በኮምፒውተር ሳይንስ መገናኛ ላይ የቆመ ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሰፊ የምርምር በር ያለው መስክ ቢሆንም የአገራችን ተመራቂዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ሲፈልጉ ስሙን የሚያነሱት እምብዛም ነው። ይህ ያስቆጨኛል፤ ወደ ምክንያቱም በኋላ እመለሳለሁ።

መስኩን የከፈተው ስዊድናዊው ጉናር ዮሃንሰን ነው። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበረው ይህ ሰው ረዳቶቹን ጥቁር ልብስ አልብሶ በትከሻ፣ በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በዳሌ፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚታቸው ላይ መጀመሪያ ትንንሽ አምፖሎችን፣ በኋላም ብርሃን የሚያንጸባርቁ ቁራጮችን አደረገ። ከዚያ በጨለማ ቀረጻቸው። በ1973 ያሳተመው ጥናት ዛሬም ድረስ ወደ መስኩ የሚገቡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያነቡት ነው።

ማሳያውን ላላየው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ነጭ ነጥቦች ቆመዋል። ሰማይ ላይ እንደተበተኑ ከዋክብት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መስመር የለም፤ ቅርጽም አይሰጡም። ይህን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ያሳየኋቸው ሰዎች እዚህ ደረጃ ላይ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዱ «ምን አለ እዚህ ላይ?» ይላል። ነጥቦቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን ወዲያው «ሰው ነው!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ነጥብ ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም። ዮሃንሰን በ1976 ባሳተመው ጥናት ለዚህ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ እንደሚበቃ አሳይቷል።

ከነጥቦቹ የሚነበበው ሰው መሆኑ ብቻ ደግሞ አይደለም። ጄምስ ከቲንግ እና ሊን ኮዝሎውስኪ በ1977 የሚተዋወቁ ጓደኛሞችን በነጥብ መልክ ቀርጸው መልሰው ሲያሳዩአቸው አንዱ ሌላውን በግምት ከሚገኘው በተሻለ ይለይ ነበር። ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ማጊ ሺፍራር በ2005 ያሳተሙት ጥናት የበለጠ ያስገርማል። ተሳታፊዎች ከሁሉ በላይ አሳምረው የለዩት የራሳቸውን እንቅስቃሴ ነበር፤ ቀጥሎ የጓደኞቻቸውን፣ በመጨረሻ የማያውቁትን ሰው። ራሳችንን ከውጭ ሆነን ስንራመድ የምናየው ስንት ጊዜ ነው? አንጎላችን የሌላውን ሰው እንቅስቃሴ ሲያነብ የራሱን አካል እውቀት ይጠቀማል ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች ይህን ውጤት እንደ ትልቅ ማስረጃ ይጠቅሱታል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ የቀደመበትን ውድድር የተመለከተ ሁሉ ከሩቅ ካሜራ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ ከሯጮቹ መሐል ማን እሱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግራ እጁን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ ነው የሚሮጠው፤ ልጅ ሆኖ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። በነጥብ ቢሠራ የግራ ክርኑና የግራ አንጓው ሁለት ነጥቦች ብቻ ስሙን ይጠሩታል።

የተመራማሪዎች ክርክር የሚጀምረው ግን ይህ ችሎታ ከየት መጣ ከሚለው ነው። በጣሊያን የሚሠሩት ጆርጆ ቫሎርቲጋራ፣ ሉቺያ ሬጎሊን እና ባልደረባቸው በ2005 በጨለማ ያስፈለፈሏቸውን፣ በሕይወታቸው ምንም ያላዩ ጫጩቶች በነጥብ ከተሠራ የሚራመድ እንስሳ ፊት አቆሙ። ጫጩቶቹ ዝም ብለው ከሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይልቅ ወደ ሕያው እንቅስቃሴ ቀረቡ፤ የሚራመደው ዶሮ ሳይሆን ድመት በነበረበት ጊዜም እንዲሁ። በ2008 ፍራንቼስካ ሲሚዮን፣ ሬጎሊንና ባልደረባቸው ገና ሁለት ቀን የሆናቸው የሰው ሕፃናት ነጥብ የሆነችውን ዶሮ መርጠው እንደሚመለከቱ አሳተሙ።

ኒኮላውስ ትሮየ እና ኮርድ ቬስትሆፍ በ2006 ነገሩን ይበልጥ አጠበቡት። የሰው፣ የድመትና የእርግብ ነጥቦችን ቦታ አዘበራርቀው፣ የአካል ቅርጽ ፈጽሞ እንዳይታይ አድርገው አቀረቡ። ተመልካቾች ያም ሆኖ እንስሳው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር፤ ምስሉ ሲገለበጥ ግን እውቀቱ ጠፋ። ምስጢሩ ያለው እግር ላይ ነው። እግር ሲነሳና መሬት ሲረግጥ የሚያደርገው እንቅስቃሴ የመሬት ስበት ማኅተም አለበት፤ ተመራማሪዎቹም አንጎል ይህን የሚፈልግ «የሕይወት መፈለጊያ» እንዳለው ሐሳብ አቀረቡ። የአንጎልን ሥራ በምስል የሚከታተሉት ኤሚሊ ግሮስማን፣ ራንዶልፍ ብሌክ እና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2000 ከጆሮ በላይ በአንጎል ጎን የሚያልፍ አንድ ስንጥቅ የኋላ ክፍሉ ለዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ጎልቶ እንደሚሠራ አሳይተው ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ጥናት የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ውሎው ምን ይመስላል? የእንቅስቃሴ መቅረጫ ክፍሉ ባዶ ወለል ነው፤ ጣሪያው ዙሪያ የኢንፍራሬድ ካሜራዎች ተሰቅለዋል። ተሳታፊው ጠባብ ልብስ ለብሶ ይቆማል፤ ተማሪዋ በሁለት ፊት በሚለጠፍ ፕላስተር አንጸባራቂ ኳሶችን በሰውነቱ ላይ አንድ በአንድ ትለጥፋለች። ጉልበት ላይ ያለውን አጥንት በጣቷ ፈልጋ ነው የምታስቀምጠው፤ ትንሽ ከተዛነፈ መገጣጠሚያው የሚታጠፍበት ቦታ ተሳስቶ ይሰላልና። ከዚያ ሰውየው ክፍሉን እየዞረ ይሄዳል። ቀረጻው አጭር ነው፤ ረጅሙ ሥራ የሚመጣው በኋላ ነው። እጅ በዳሌ አጠገብ ሲያልፍ አንዷ ኳስ ከካሜራዎቹ ትሰወራለች፣ ሌላዋ ወድቃ ትገኛለች፣ ኮምፒውተሩ የቀኙን ጉልበት የግራ ብሎ ይሰይማል። ይህን ሁሉ በዓይን እያዩ ማረም የጀማሪ ተማሪ ዕጣ ነው።

ሙከራው ራሱ ደግሞ ጸጥ ያለ ነገር ነው። ተሳታፊው በደብዛዛ ክፍል ውስጥ አገጩን መደገፊያ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ተራማጁ በሌሎች ተንቀሳቃሽ ነጥቦች ተከብቦ ለአፍታ ብቅ ይላል፤ ተሳታፊው ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ የሚለውን በቀስት ቁልፍ ይመልሳል። እንዲህ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። የሚያደናግሩት ነጥቦች ሲበዙ ትክክለኛ መልስ ይቀንሳል፤ የሚቀንስበት መስመር ተስሎ ሲታይ የዚያ ሰው ዓይንና አንጎል እስከምን ድረስ መለየት እንደሚችል ይነበባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ችሎታ ፕሮግራም መጻፍ፣ ስታትስቲክስ ማወቅና መታገሥ ነው።

ውድ ካሜራ ለሌለው ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ወሬ አለ። ሙከራ ለመሥራት የሚያገለግለው ሳይኮፓይ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበውን የሰው እንቅስቃሴ ቀረጻ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ከተራ ቪዲዮ ላይ መገጣጠሚያዎችን ለይተው ነጥብ የሚያስቀምጡ፣ እንደ ኦፕንፖዝ ያሉ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ሰው ጥሩ መነሻ ይሆናል። አዲስ አበባ፣ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ያለ የሥነ ልቦና፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ መስክ ለመሥራት ላፕቶፕና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃዋል።

ያስቆጨኛል ወዳልኩት ልመለስ። ከዚህ መስክ ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ፣ ሰውን በእይታ የማንበብ ችሎታ ከየት ይመጣል የሚለው፣ የሚጠናው በእኛው ልጆች ላይ ነው። በሐዋሳ፣ ከልደታቸው ጀምሮ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ ኖሮባቸው ሕክምና ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ የሆነ ልጆችን የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤሁድ ዞሃሪ እና ባልደረቦቹ ተከታትለዋል። በ2022 ያሳተሙት ውጤት ልብ ይነካል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልጆቹ እይታ በጣም ተሻሽሎ የሰው ዓይን ብሌን ወዴት እንደዞረ ለመለየት የሚበቃ ሆነ። ሆኖም ማንኛችንም ሳናስበው እንደምናደርገው የሌላውን ሰው ዓይን ተከትለው አይመለከቱም ነበር። ጨቅላ ሳሉ ያላዩት ነገር፣ ዓይናቸው ሲበራም አብሮ አልመጣም።

የአካል እንቅስቃሴ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የሃምቡርጓ ብሪጊተ ሩደር እና ባልደረቦቿ፣ ትሮየም አብሯቸው ሆኖ፣ በሕንድ ሃይደራባድ ተመሳሳይ ሕመም የነበረባቸውንና ዘግይተው የታከሙ ሰዎችን ፈትነው በ2015 ያሳተሙት ውጤት የሕያው እንቅስቃሴ እይታ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ጊዜያት በማየት ላይ እንደማይመሠረት ያሳያል። በካናዳም በ2012 ተቀራራቢ ውጤት ታትሟል። የሌላውን ዓይን ተከትሎ ማየት ሲጠፋ የሰውን አረማመድ ማወቅ ለምን ይተርፋል? ከጫጩቶቹ ጋር የሚያገናኘው አንድ ጥንታዊ መንገድ አለ ማለት ነው? ወይስ ከሞራው በስተጀርባ ብዥ ብሎ የሚታየው ጥላ ይበቃ ነበር? ይህ ክርክር አላለቀም።

እነዚያ የሐዋሳ ልጆች ለዓለም ሳይንስ ብዙ አስተምረዋል። ከልጆቹ ጋር በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ እያወራ፣ እናትየው «ልጄ ሰው አያይም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶት፣ ጥያቄውን ራሱ የሚቀርጽ ተመራማሪ ከዚህ አገር መውጣት አለበት። ከውጭ የሚመጣውን ተመራማሪ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሕክምናውም እውቀቱም ከትብብሩ መጥቷል። ነገር ግን ጥያቄ የሚወለደው ከልጁ ጋር ሲውሉ ነው፤ አብሮት የሚውለው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው።

ታዲያ በሩ የት ነው? ቶሮንቶ ውስጥ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ኢያን ሃዋርድ የመሠረተው የእይታ ምርምር ማዕከል አለ፤ ትሮየም ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ወደዚያው ተዛውሯል። ጀርመን ውስጥ ከሩደር ሌላ በቱቢንገን ማርቲን ጊዘ፣ በሙንስተር ማርኩስ ላፐ አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያሰላ በሒሳብ ሞዴል አጥንተዋል። ግሮስማን ካሊፎርኒያ፣ ኧርቫይን ናት። በግላስጎው ፍራንክ ፖሊክ በር የሚያንኳኳና የሚጠጣ ክንድ ብቻ በነጥብ አሳይቶ ሰዎች ስሜትን እንደሚያነቡበት አጥንቷል። ፕሮፌሰሮች ይዛወራሉ፣ ጡረታ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ከማመልከት በፊት በዚያ ዓመት ተማሪ እየተቀበሉ መሆናቸውን መጠየቅ ግድ ነው።

የገንዘቡ ነገር ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት ይቻላል፤ የተቀበለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን ሸፍኖ፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ለሚሠራው ሥራ የመተዳደሪያ አበል ይሰጣል። የማመልከቻ ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር ማብቂያ እስከ ጥር መግቢያ ነው። በጀርመን የዶክትሬት ተማሪ በብዛት እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ቦታው የሚወጣው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ መከታተል ይጠይቃል፤ ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ራስን ለማዘጋጀት ኒውሮማች የተባለው በ2020 የተጀመረ የኢንተርኔት የአንጎል ሳይንስ ትምህርት አለ፤ ክፍያው በተማሪው አገር የኑሮ ደረጃ ይተመናል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚወስነው ለፕሮፌሰሩ የሚላከው ኢሜይል ነው። «ለተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በታላቁ ላቦራቶሪዎ ለመማር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ደብዳቤ በቀን ብዙ ይደርሳቸዋልና አይመልሱም። ለምሳሌ ለትሮየ ሲጻፍ የሚመለሰው እንዲህ ያለው ነው፦ «በ2006 ጥናታችሁ እግር ዋናውን መረጃ እንደሚሸከም አሳይታችኋል። እኔ ባደግሁበት አካባቢ ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ጉልበት አይታይም። ጎረቤቴን ግን ከሩቅ አውቃታለሁ። የትኛው ነጥብ እንደሚያስታውቃት ለመፈተን በሳይኮፓይ ትንሽ ሙከራ ሠርቻለሁ፤ ውጤቱን አያይዣለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ የሚያነበው ግን ጥያቄ ያለው ሰው ደብዳቤ ነው። ስኮላርሺፕ ከመፈለግ በፊት ጥያቄ መፈለግ ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ ደግሞ አገራችን ሞልቷል። ስቬርከር ሩኔሰን እና ባልደረባው ፍሪክሆልም በኡፕሳላ በ1981 ሰዎች ሣጥን ሲያነሱ በነጥብ አሳይተው ተመልካቾች የሣጥኑን ክብደት ከአነሳሱ እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲራመዱ የሸክማቸው ክብደት፣ የድካማቸው መጠን፣ ወገባቸው የሚጎዳበት ደረጃ ከነጥቦቻቸው ይነበብ ይሆን? እስክስታ ላይ ደግሞ ንግግሩ የትከሻ ነው፤ እግር ብዙ አይናገርም። ሲያየው ያደገ ሰውና ያላየው ሰው በእነዚያ ሁለት የትከሻ ነጥቦች ላይ አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ?

እኔ ግን አንድ ተማሪ መጥቶ ምን ልሥራ ቢለኝ ወደ መንገድ እልከዋለሁ። የብሪዝበኑ ኩዊንስላንድ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆዋን ውድ እና የክሌምሰኑ ሪክ ቲረል ከባልደረባቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሾፌሮች በማታ በዝግ መንገድ ላይ እግረኛን መቼ እንደሚለዩ ለኩ። እግረኛው ጥቁር ለብሶ፣ መኪናው አጭር መብራት አብርቶ፣ ከፊት የሌላ መኪና መብራት ሲያንጸባርቅ ሾፌሮቹ የለዩት ከእግረኞቹ 5 በመቶውን ብቻ ነበር። እግረኛው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ ሲያስር፣ የፊት ለፊት መብራትም በሌለበት፣ መቶ በመቶ ተለየ። አንጸባራቂው ደረት ላይ በሰደርያ መልክ ሲሆን ይህን ያህል አልጠቀመም። በመኪናው መብራት የሚያንጸባርቅ ነገር ለሾፌሩ ምልክት ሰሌዳም በርሜልም ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ከተንቀሳቀሰ ግን ሰው ነው፤ አንጎል ለመወሰን የሚፈልገው ያቺን አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ነው።

ከሰንዳፋና ከሱሉልታ አስፋልት ዳር ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ ወጣት አትሌቶች አሉ። በየገጠሩ አውራ ጎዳና ከገበያ መሽቶባቸው የሚመለሱ፣ ለኪዳን በሌሊት የሚወጡ ሰዎች አሉ። ጋቢ ትከሻንና ክርንን ይሸፍናል፤ ቀሚስ ጉልበትን ይሸፍናል፤ ቁርጭምጭሚት ግን ባዶ ነው፣ በትር የያዘ እጅም ይወዛወዛል። በእንዲህ ያለ አለባበስ አንጸባራቂው የት ቢታሰር ሾፌሩ ከሩቅ «ሰው» ብሎ ፍሬን ይይዛል? ሁለት የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ብቻ ይበቃል ወይ? ለዚህ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሌሊት የሚዘጋ አጭር አስፋልት፣ አንድ መኪና፣ ፈቃደኛ ሾፌሮችና እግረኞች፣ አንጸባራቂ ቴፕና የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ በጋ ይጨርሰዋል። ሠንጠረዡን ይዞ በሚቀጥለው ኅዳር ለብሪዝበን ወይም ለክሌምሰን ቢጽፍ፣ የሚያወራው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው።